የአፈሙዝ ልክና የአንጥረኛ ክብር

፩. መግቢያ

እንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የመስቃን ጉራጌ የገበያ ከተማ ናት። የማረቆና የስልጤ ሕዝቦች ስለሚጎራበቷት በገበያ ቀን ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ይገናኙባታል፤ በርበሬ፣ ቆጮ፣ እህልና ከብት ይለዋወጡባታል። ስለዚህች ከተማና ስለ አካባቢዋ የሚጻፈው ነገር ስለ እንሰት ተክል ወይም ስለ ንግድ ቢሆን አንባቢው አይደነቅም። ይህ ጽሑፍ ግን የሚናገረው ስለ ጠመንጃና ስለ ሽጉጥ ነው፤ ይልቁንም ለአንድ ዓይነት ጥይት የተሠራውን መሣሪያ ሌላ ዓይነት ጥይት እንዲተኩስ አድርጎ ስለ መለወጥ ታሪክ ነው።

ይህ ጉዳይ በውጭ አገር፣ በተለይም በአሜሪካ፣ የዒላማ ተኩስ ውድድር ወዳጆች ብዙ የደከሙበትና ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱበት ጥበብ ነው። ወደ እኛ አገር ሲመጣ ግን ነገሩ ከውድድር ሜዳ ይልቅ በጦር ሜዳ፣ ከዋንጫ ይልቅ በመንግሥት ነፃነት ይመዘናል። ምንም እንኳ ሁለቱ ነገሮች የተራራቁ ቢመስሉ አንድ ሥር አላቸው። ይኸውም ጠመንጃ ያለ ጥይት ብረት የተጫነበት ዱላ መሆኑ፣ ጥይቱን ከሌላ የሚጠብቅ ሰውም የጠመንጃው ሙሉ ጌታ አለመሆኑ ነው። መሣሪያውን በእጁ ካለው ጥይት ጋር ማስማማት የሚችል ባለ እጅ በአገሩ ያለ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ የአፈሙዝ ልክ ታሪክ በውስጡ የአንጥረኛ ታሪክ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው።

ከዚህ በታች ዓ.ም. የተባለው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፣ በውጭ አገር ለተደረጉት ነገሮች ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዘመኑ ተጽፎ እ.አ.አ. ተብሎ ተመልክቷል።

፪. ስለ ቃላቱ

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ይገባል፤ የአንድ ሕዝብ ቋንቋ አንድ ዕቃ ከወዴት እንደ መጣና ሕዝቡ እንዴት እንደ ተቀበለው ይመሰክራልና። «ነፍጥ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ የሚቃጠለውን የምድር ዘይት፣ በኋላም ባሩድን ያመለክት ነበር፤ በእኛ ዘንድ የመሣሪያው ስም ሆነ፤ ከእርሱም «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ወጣ። «ባሩድ»ም እንዲሁ ከምሥራቅ የመጣ ቃል ነው። «ሽጉጥ» ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን በመታጠቂያ ወይም በልብስ ውስጥ የሚሸጎጥ ማለት ነው። ባላገሩ የውጭውን ዕቃ ሲቀበል ስሙን ከአያያዙ አወጣለት።

ከባሕር ማዶ የመጡት ጠመንጃዎች ስማቸውን ይዘው ገብተዋል፤ ነገር ግን በአማርኛ አፍ ተሞርደው ሌላ መልክ ይዘዋል። «ስናድር» የተባለው ስናይደር በተባለ አሜሪካዊ ስም የሚጠራው የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው። «ውጅግራ» የተባለው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ሲሆን የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። «ወጨፎ» የኢጣልያው ቬተርሊ ነው፤ «ምንሽር»ም ከማንሊኸር የመጣ ነው። እነዚህ ስሞች በፉከራና በሽለላ እየተጠሩ የሕዝብ ሀብት ሆነዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ቃል የሆነው፣ ፈረንጆች ካሊበር የሚሉት ነገር፣ የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት ነው። እኛ «ልክ» ብንለው ይበቃል። ልክ ሲባል ግን የስፋት ነገር ብቻ አይደለም፤ የቀለሁ ርዝመትና ቅርጽ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ ኀይል፣ የእርሳሱም ክብደት አብረው ይቈጠራሉ። ሁለት ጥይቶች በስፋት ተቀራርበው በኀይል ግን ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ። ልኩ ያልሆነውን ጥይት የጐረሰ መሣሪያ ወይ አይተኩስም፣ ወይ ዒላማውን ይስታል፣ ወይም በያዘው ሰው እጅ ላይ ይፈነዳል።

፫. ስናድር፣ ውጅግራና ወጨፎ

ከላይ የተጠሩት ሦስቱ ጠመንጃዎች አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያመሳስላቸዋል። ሦስቱም በተሠሩበት አገር የመለወጥ ጥበብ የተፈጸመባቸው ናቸው።

ስናድር አዲስ ጠመንጃ አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር ከ1853 እ.አ.አ. ጀምሮ ኤንፊልድ የተባለ በአፉ የሚጐርስ ጠመንጃ ይይዝ ነበር። በ1866 እ.አ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት ጠመንጃዎቹን ሁሉ ጥሎ አዲስ ከመግዛት ይልቅ፣ የኋላቸውን ቈርጦ በስናይደር ብልሃት በጎን የሚከፈት መዝጊያ አገባባቸው። አፈሙዙ የቀድሞው ነው፤ ስፋቱም ወደ 14.7 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው ያው የቀድሞው ነው፤ ነገር ግን ወታደሩ ባሩድና እርሳስ በዘንግ እየጠቀጠቀ መጉረሱ ቀርቶ የተዘጋጀ ጥይት ከኋላ ያስገባ ጀመር። ይህ የተለወጠ ጠመንጃ በሥራ ላይ ከዋለባቸው የመጀመሪያ ዘመቻዎች አንዱ በኢትዮጵያ ላይ የተደረገው የጄኔራል ናፒየር ዘመቻ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ በእሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የገጠመው ይህን ጠመንጃ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። በአገራችን ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሽጉጥ ይህ ነው።

ውጅግራም እንደዚሁ ነው። ፈረንሳዮች በ1866 እ.አ.አ. ሻስፖ የተባለ፣ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ጠመንጃ አውጥተው ነበር። በ1874 እ.አ.አ. ግራ የተባለው መኰንን ባዘጋጀው ዕቅድ የናስ ቀለህ ያለው የ11 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩስ አሻሽለው አዲሱን ጠመንጃ ሠሩ፤ ከአሮጌዎቹም ሻስፖዎች ብዙዎቹ በዚሁ ዓይነት ተለወጡ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቈይቶ ጭስ የሌለው ባሩድ በተገኘ ጊዜ ፈረንሳዮች የግራን ቀለህ አንገቱን አጥብበው የ8 ሚሊ ሜትር ጥይት አወጡ፤ ለእርሱም የሌበል ጠመንጃ ተሠራ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜም ጠመንጃ ስላነሳቸው ከአሮጌዎቹ የግራ ጠመንጃዎች ብዙዎቹን አዲስ አፈሙዝ እየገጠሙ ለዚሁ ለ8 ሚሊ ሜትሩ ጥይት አስማሟቸው።

ወጨፎን በሚመለከት ነገሩ ወደ እኛ ይበልጥ ይቀርባል። ኢጣልያ በ1891 እ.አ.አ. የ6.5 ሚሊ ሜትር አዲስ ጠመንጃ ተቀብላ ነበር። ሆኖም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የመጣው ሠራዊቷ በአብዛኛው የያዘው የ10.4 ሚሊ ሜትሩን የቀድሞውን ቬተርሊ ነበር። ምክንያቱም በመጋዘን ተከማችቶ የነበረውን የአሮጌውን ጥይት ለመጨረስ ስለ ተፈለገ ነው ይባላል። በዚያ ጦርነት ኢትዮጵያውያን ወደ 11,000 የሚጠጋ ጠመንጃና 56 መድፍ ማረኩ። ወጨፎ በአገራችን የበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኢጣልያ ግን በእጇ የቀሩትን ቬተርሊዎች አልጣለቻቸውም፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአፈሙዛቸው ውስጥ ጠበብ ያለ ሌላ ቧንቧ አስገብታ የ6.5 ሚሊ ሜትሩን ጥይት እንዲተኩሱ ለወጠቻቸው።

እንግዲህ ልብ እንበል። አንዱ ዓይነት ጠመንጃ በሁለት አገር ሁለት ዕድል ገጠመው። ወጨፎ በኢጣልያ ጥይቱ ሲያረጅ በፋብሪካ ተለውጦ ሁለተኛ ዕድሜ አገኘ። በኢትዮጵያ ግን ጥይቱ ያለቀበት ወጨፎ በግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ወይም ባለቤቱ የቀረችውን ጥይት እንደ ወርቅ እየቈጠረ ጠበቃት።

፬. ጥይት እንደ ገንዘብ

ጥይት እንደ ወርቅ ተቈጠረ ማለታችን ለንግግር ማሳመሪያ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት፣ በተለይም የውጅግራ ጥይት፣ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። አሞሌ የሚበላ፣ ብር የሚጌጥበት እንደ ነበረ ሁሉ ጥይትም የሚተኰስ ገንዘብ ነበረ። በዝናሩ ሙሉ ጥይት የታጠቀ ሰው ሀብቱንና ኀይሉን በአንድነት በወገቡ ይዞ ይዞር ነበር ለማለት ይቻላል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ገንዘብ የሚሆነው ነገር ከሩቅ የሚመጣና በአገር ውስጥ በቀላሉ የማይሠራ ነው። ባሩድ በአገራችን ድኝ፣ ጨው መሰል ማዕድንና ከሰል እየተቀመመ ከጥንት ጀምሮ ይሠራ ነበር፤ እርሳስም ይቀለጥ ነበር። ስለዚህ በአፉ የሚጐርሰው ጠመንጃ ዘመን ባለ ጠመንጃው ከሞላ ጐደል ራሱን የቻለ ነበር፤ በእጁ ያገኘውን እርሳስ በአፈሙዙ ልክ አቅልጦ ያወጣል፣ ባሩዱን ሰፍሮ ይጨምራል። በናስ ቀለህ የተዘጋጀው ጥይት በመጣ ጊዜ ግን ይህ ነፃነት ቀረ። ጠመንጃው ፈጣንና አስተማማኝ ሆነ፤ ባለ ጠመንጃው ግን የጥይት ሻጩ ጥገኛ ሆነ። የሥልጣኔ ዕቃ አንዱን ችግር ሲያቃልል ሌላ ችግር ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ዐፄ ምኒልክ ይህን ነገር ጠንቅቀው ያወቁ ይመስላል። መሣሪያ ከአንድ በር ብቻ እንዳይመጣባቸው ከፈረንሳይም፣ ከኢጣልያም፣ ከሩስያም፣ ከነጋዴም ከመንግሥትም ይቀበሉ ነበር። አርተር ራምቦ የተባለው ስመ ጥሩ የፈረንሳይ ባለ ቅኔ በ1879 ዓ.ም. ጊዜ ያለፈባቸውን ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ወደ ሸዋ መምጣቱ የታወቀ ነው። ከኢጣልያ ጋር በውጫሌ ውል ምክንያት ክርክር በተነሣ ጊዜ ከዚያው ከኢጣልያ የተላከ 2 ሚሊዮን ጥይት በ1885 ዓ.ም. ሸዋ ደረሰ። ላኪዎቹ በዚህ የንጉሡን ልብ እናራራለን ብለው ነበር፤ ንጉሡ ግን ጥይቱን ተቀብለው በዚያው ዓመት የካቲት ወር ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት አስታወቁ። የጥይት ጥገኛነት በጥበብ ከተያዘ እንኳ ሊታለፍ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ነገር ግን መሣሪያን ከብዙ በር መቀበል የራሱ ዋጋ ነበረው፤ ይኸውም የልክ መብዛት ነው። በአንድ ጭፍራ ውስጥ ስናድር የያዘ፣ ውጅግራ የያዘ፣ ወጨፎ የያዘ ጎን ለጎን ይሰለፋል። አንዱ ጥይት ሲያልቅበት ከጓደኛው ዝናር መበደር አይችልም፤ ዝናሩ ሙሉ ቢሆንም ለእርሱ ባዶ ነው። ዐድዋ ላይ ይህን ጕድለት የሠራዊቱ ብዛትና ልብ ሸፈነው። ከ40 ዓመት በኋላ ግን ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ስትመጣ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት በአብዛኛው ልዩ ልዩ ልክ ያላቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች ይዞ ነበር፤ ጥይትም በየሰዉ እጅ ጥቂት ነበር። ታላላቆቹ መንግሥታት ደግሞ ጦርነቱ እስኪጀመር ድረስ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥላት ከለከሉ። በሩ ሲዘጋ በውስጥ የሚለውጥና የሚያስማማ ፋብሪካ አልነበረም።

የዚህም ፍጻሜ አንዱ ክፍል የታየው በጉራጌ ምድር ነው። ከደቡብ ግንባር ለወራት እየተዋጉ ወደ ሰሜን ያፈገፈጉት ራስ ደስታ ዳምጠው በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በጎጌቲ ከጠላት ጋር የመጨረሻውን ታላቅ ውጊያ አደረጉ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በዚያ ወደቁ፤ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ተማርከው ተገደሉ፤ ራስ ደስታም በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው የካቲት 17 ቀን ተረሸኑ። የድካማቸው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም ቃታውን ለመሳብ የተዘጋጀ ጀግና በጥይት እጦት የሚሸነፍበትን ዘመን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህ ምድር ምስክር ነው።

፭. የአንጥረኛው ነገር

ታዲያ በአገራችን ባለ እጅ አልነበረምን? ነበረ። ከቡታጅራ በስተሰሜን በሶዶ ጉራጌ ምድር በምትገኘው በጢያ፣ በ1980 እ.አ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች ላይ ሰይፎች ተቀርጸው ይታያሉ። ሰይፉን በድንጋይ የቀረጸው ሰው አስቀድሞ በብረት የሠራ አንጥረኛ አይቶ መሆን አለበት። የጦርና የጐራዴ፣ የማጭድና የማረሻ፣ የቢላዋና የምሳር ጥበብ በአገሩ ሁሉ የቈየ ነው። ጠመንጃም በመጣ ጊዜ የተሰበረውን ሰደፍ የተካ፣ የላላውን ያጠበቀ ይኸው ባለ እጅ ነው።

ነገር ግን ጥበቡ ክብር አልነበረውም። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ቡዳ እየተባሉ ከኅብረተ ሰቡ ተገልለው ይኖሩ ነበር። በጉራጌም እንዲሁ ነበር። ዊልያም ሻክ የተባለው ሊቅ በ1966 እ.አ.አ. ስለ ጉራጌ ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ፉጋ የተባሉት እንጨት ሠራተኞች መሬት የማይሰጣቸው፣ ከሌላውም ወገን ጋር የማይጋቡ ነበሩ። ብረት ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹም ከዚህ የተሻለ ማዕርግ አልነበራቸውም። ያማረው የጉራጌ ቤት ያለ ባለ እጁ አይቆምም፤ እርሻውም ያለ አንጥረኛው ብረት አይሠራም፤ ሠሪው ግን ከማዕዱ ይርቅ ነበር። ሥራውን ወድዶ ሠሪውን መናቅ ያለ ጥርጥር የአገራችን የቈየ በሽታ ነው።

ሁለት ነገሥታት ይህን ለመለወጥ በየመንገዳቸው ሞክረዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የዚያ ድካም ፍሬ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የሚሠራውን እጅ ነበር። ነገር ግን ጥበቡ በአገሬው ልጅ እጅ ሥር ሳይሰድ ዘመናቸው አለፈ። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ የተነገረው ከዐድዋ ድል 12 ዓመት በኋላ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ከሁሉ ይልቅ መሣሪያ የሰበሰበው ንጉሥ፣ መሣሪያ ከመሰብሰብ ይልቅ ሠሪውን ማክበር እንደሚበልጥ ተረድቶ ነበር ለማለት ያስደፍራል። የዘመናት ልማድ ግን በአንድ አዋጅ አይሻርም።

የአፈሙዝን ልክ መለወጥ ጥርት ያለ ብረት፣ የመሞረጃ መኪና፣ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍል ጋር የሚከራከር ዓይንና ትዕግሥት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ባለ እጁ ልጁን ያለ ኀፍረት ሥራውን በሚያስተምርበት፣ ልጁም በአባቱ ሥራ በሚኰራበት አገር ነው።

፮. ለውድድር ሲባል ልኩ የተለወጠ ሽጉጥ

አሁን ባለ እጁ ከብሮ ወደሚታይበት ወደ ሌላው ዓለም እንሻገር። በዚያ የሽጉጥን ልክ መለወጥ በመጀመሪያ የጦርነት ጉዳይ ነበር። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሉገር በ1902 እ.አ.አ. የ7.65 ሚሊ ሜትሩን ጥይት አንገት አስፍቶ 9 ሚሊ ሜትር አደረገው፤ የቀለሁ ግርጌ ስላልተለወጠ ሽጉጡ ከአፈሙዙ በቀር ብዙ መለወጥ አላስፈለገውም። ይህ ጥይት ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው የሽጉጥ ጥይት ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ጀርመኖች የ7.63 ሚሊ ሜትሩን የማውዘር ሽጉጥ ለዚሁ ለ9 ሚሊ ሜትሩ ጥይት አሠሩት፤ ወታደሩ ጥይቱን እንዳያሳስት በእንጨት መያዣው ላይ የ9 ቍጥር ምልክት ቀርጸው ቀይ ቀለም ቀቡት። ልክን ማሳሳት ምን ያህል አደገኛ መሆኑን ያ ቀይ ቍጥር ይናገራል።

በአሜሪካ ነገሩ ወደ ውድድር ሜዳ ወጣ። ጆን ብራውኒንግ ያሰበውን፣ ኮልት የተባለው ኩባንያ የሠራውን የ11.43 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የአሜሪካ ጦር በ1911 እ.አ.አ. ተቀበለ። ከባድ ጥይት የሚተኩስ፣ በእጅ ላይ በኀይል የሚረግጥ የጦር ሜዳ ሽጉጥ ነው። በኦሃዮ ክፍለ አገር ካምፕ ፔሪ በተባለው ቦታ ከ1907 እ.አ.አ. ጀምሮ በሚደረገው ብሔራዊ የዒላማ ውድድር ግን ይኸው ሽጉጥ የወረቀት ክበብ መቺ ሆነ። በሙሉው ውድድር ተወዳዳሪው ባንድ እጁ ብቻ ይዞ በሦስት ዓይነት ልክ 270 ጥይት ይተኩሳል፤ እያንዳንዱ ጥይት ቢበዛ 10 ነጥብ ስለሚያስገኝ ሙሉው ውጤት 2,700 ነው። ይህን ያህል ለመተኰስ ከዚያ በፊት በሺሕ የሚቈጠር ጥይት እየተኰሱ መልመድ ያስፈልጋል፤ የከባዱ ጥይት ዋጋና እርግጫ ግን ልምምዱን ከባድ አደረገው።

በዚህ ምክንያት ኮልት በ1931 እ.አ.አ. ያንኑ የጦር ሽጉጥ የሚመስል፣ ነገር ግን ርካሹን የ5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ አወጣ። ትንሹ ጥይት ከባዱን የብረት ሽፋን ወደ ኋላ ለመግፋት ኀይል ያንሰው ነበር። ይህን ችግር የፈታው ዴቪድ ዊልያምስ የተባለ ሰው ነው። በሰው ግድያ ተፈርዶበት በእስር ቤት ሳለ በዚያ የብረት ሥራ ክፍል ጠመንጃ ማሰብና መሥራት የተማረ ነበር። እርሱም የጥይቱ ማረፊያ ራሱ ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሰ የትንሹን ጥይት ግፊት የሚያበዛበትን ብልሃት አገኘ። በ1937 እ.አ.አ. ይህ ብልሃት የገባበት ሽጉጥ ወጣ፤ በ1938 እ.አ.አ. ደግሞ ባለ ሽጉጡ የትልቁን ልክ ሽጉጥ ለልምምድ ወደ ትንሹ ልክ የሚለውጥበት የተሟላ ዕቃ ለገበያ ቀረበ። የተናቀው እስረኛ በእጁ ሥራ ምክንያት ከበረ፤ ስለ ሕይወቱም ፊልም እስከ መሠራት ደረሰ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወዳዳሪዎች ፍላጎት ወደ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ሆነው፣ አሜሪካውያን ሠላሳ ስምንት ስፔሻል ወደሚሉት ጥይት አዘነበለ። ይህ ጥይት ለሪቮልቨር የተሠራ ነው፤ ለውድድር የሚሆነው ዓይነት ደግሞ እርሳሱ አፍንጫው ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀለሁ አፍ ጋር እኩል የተቀመጠ ነው። ስለዚህ እርግጫው ለስላሳ ነው፤ ወረቀቱንም ሳይቀድ እንደ መብሻ ክብ አድርጎ ስለሚቈርጠው ዳኛው ነጥቡን ያለ ክርክር ይቈጥራል። የሉዊዚያናው ጂም ክላርክ በ1950ዎቹ እ.አ.አ. የኮልትን ሽጉጥ ለዚህ ጥይት እያስማማ በመለወጥ ስሙ ታወቀ። በ1958 እ.አ.አ. ደግሞ ራሱ የአሜሪካ የሽጉጥ ተኩስ ሻምፒዮን ሆነ። ሠሪውና ተኳሹ አንድ ሰው ሲሆኑ ሥራው ራሱን ይፈትናል፤ በመሥሪያ ቤቱ ያጠፋትን ቅንጣት በሜዳ ላይ ከነጥቡ ይከፍላታል። ትላልቆቹ ኩባንያዎች የትንሹን ባለ እጅ ዱካ ተከተሉ፤ ኮልት በ1960፣ ስሚዝና ዌሰን በ1961 እ.አ.አ. ለዚሁ ጥይት የተዘጋጀ የውድድር ሽጉጥ አወጡ።

የዓለም አቀፉ ውድድር ሕግም ልክ እንዲለወጥ ያስገድድ ነበር። በትልቁ የሽጉጥ ውድድር የሚፈቀደው ልክ ከ7.62 እስከ 9.65 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የአሜሪካው የጦር ሽጉጥ እንዳለ ሊገባ አይችልም። በኦሊምፒክ የፍጥነት ተኩስ ደግሞ እስከ 2004 እ.አ.አ. አጭሩ የ5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ይሠራበት ነበር፤ ከ2005 እ.አ.አ. ጀምሮ ሕጉ ሲለወጥ ተወዳዳሪዎች ያን ያህል የደከሙባቸውን ሽጉጦች አስቀምጠው ረዥሙን ጥይት የሚተኩሱ ሌሎች ለመያዝ ተገደዱ። በጦርነት ዘመን ልክን የለወጠው የባሩድ ኀይል ነበር፤ በውድድር ዘመን ግን የሕግ መጽሐፍ ሆነ። የሰው ልጅ የመሣሪያውን ኀይል በገዛ ፈቃዱ ቀንሶ በትክክለኛነት መወዳደሩ እንደ ትንሽ ነገር ሊቈጠር አይገባም።

፯. መደምደሚያ

ወደ እንሴኖ እንመለስ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህች ከተማና በአካባቢዋ በመስቃንና በማረቆ ወገኖች መካከል በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ለብዙ ዘመን በአንድ ገበያ የተገበያዩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ስለ ጠመንጃ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያነሣ ቢያልፍ ጽሑፉ ጐደሎ ይሆናል። የጦር መሣሪያን አያያዝ ለመቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1177 ወጥቷል። ሕግ የእጅን መሣሪያ ሊቈጣጠር ይችላል፤ የዓይንን አቅጣጫ ግን የሚመልሰው ሌላ ነገር ነው። አማርኛችን «አልሞ ተኳሽ» ሲል ያከበረው የያዘውን መሣሪያ ሳይሆን ማለሙን ነው፤ «ዒላማ» የሚለውም ቃል «ዓላማ» ከሚለው ጋር የሚዛመድ ይመስላል። ዓላማው ያልተለካለት መሣሪያ ልኩ ምንም ያህል ቢስተካከል ስቶ ይመታል።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ አባቶቻችን በጀግንነት አላነሱም፤ ያነሳቸው በጥይትና በጠመንጃ መካከል የሚቆም የተከበረ ባለ እጅ ነው። እንግሊዝም፣ ፈረንሳይም፣ ኢጣልያም አሮጌውን ለውጠው ሲጠቀሙ እኛ አሮጌውን ገዝተን ጥይቱን ለመንን። ይህ ትምህርት ዛሬ ከጠመንጃ ይልቅ ለትራክተር፣ ለውሃ መሳቢያና ለወፍጮ ይጠቅማል። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ድረስ በዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚዝገው መኪና የዘመናችን ወጨፎ ነውና።

ሁለተኛው፣ ለዚህ ጥናት የሚሆነው ቁም ነገር በሽማግሌዎችና በባለ እጆች አፍ ላይ ነው። የጠመንጃዎቹን ስሞች፣ የክፍሎቻቸውን መጠሪያ፣ የጥይትን የገበያ ዋጋ፣ አንጥረኛው በሥራው ጊዜ የሚናገርባቸውን ቃላት በመስቃንኛም፣ በስልጢኛም፣ በማረቆኛም ሰብስቦ መጻፍ ለወጣት ተማሪዎች የተተወ ሥራ ነው። ይህን ሊያደርግ የተነሣ ተማሪ አስቀድሞ ወደ ባለ ጠመንጃው ቤት አይሂድ። በገበያው ዳር ወናፉን እያናፋ የሚቀጠቅጠውን ሰው «እንዴት ዋሉ አባቴ» ብሎ በአክብሮት ሰላምታ ይስጠው፤ ከአጠገቡም ይቀመጥ። የሚፈልገውን ታሪክ የሚያገኘው ከዚያ ነው፤ መቀመጡም ራሱ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የቈየውን ዕዳ ጥቂት ይከፍላል።